ለክላሲክ ስፖርት መኪና የእግር ቡሽ እንዴት ይመረጣል? የዳትሰን 240ዜድ ምሳሌ

በምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር ታሪክ ውስጥ ዳትሰን 240ዜድ የተለየ ስፍራ አለው። እ.አ.አ በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜህታ ከረዳቱ ሎፍቲ ድሩስ ጋር በዚህ ባለ ስድስት ሲሊንደር የጃፓን ስፖርት መኪና የሳፋሪ ራሊን አሸንፈዋል። የ1973ቱ ድል የተገኘው ሜህታና በሌላ ዳትሰን የተወዳደረው ስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትሮም በቅጣት ነጥብ እኩል ከወጡ በኋላ በመለያ ደንብ ነበር።

ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው የያኔው ሳፋሪ በአቧራ፣ በጭቃና በድንጋያማ መንገድ የሚያልፍ በመሆኑ ከፍጥነት ይልቅ የመኪናን ጽናት የሚፈትን ውድድር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ከ2003 ጀምሮ የሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ ራሊ የዚያን ዘመን መኪኖች ወደ እነዚሁ መንገዶች መልሷቸዋል። በናይሮቢ የንጎንግ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ በሚዘጋጀው የአፍሪካ ኮንኩር ዴሌጋንስ ደግሞ ባለቤቶች አሮጌ መኪኖቻቸውን አጽድተውና አሳምረው ለዳኞች ያቀርባሉ።

ለውድድርም ይሁን ለዐውደ ርዕይ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈውን እንዲህ ያለ መኪና ማደስ የጀመረ ሰው ፈጥኖ የሚያገኘው አንድ ችግር አለ። የመኪናውን እግር ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ትንንሽ የጎማ ክፍሎች ከብረቱ ቀድመው ያረጃሉ። ምትካቸውም በብዙ ዓይነት ይሸጣል፤ ከጎማ፣ ከፖሊዩሬታን፣ ከናይለን ወይም ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ማግኘት ይቻላል። ሻጮች ብዙውን ጊዜ "ጠንካራው ይሻላል" ይላሉ። በ240ዜድ ላይ ግን ያለ ቦታው የገባ ጠንካራ ቡሽ የፊት እግርን የሚደግፈውን ዘንግ እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል።

ቡሽ ምንድን ነው?

ቡሽ ሁለት የብረት ክፍሎች ተገናኝተው በሚንቀሳቀሱበት ቦታ መካከላቸው የሚገባ መለያ ነው። በመኪና እግር ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ሦስት ክፍሎች አሉት። በስተውጭ የብረት ቀለበት፣ በመሐል ጎማ፣ በስተውስጥ ደግሞ ብሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ነው። እንደ "ሞላ"፣ "ባሌስትራ" እና "ሞርዛቶር" ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰው "ጎሚኒ" የሚለው ስያሜም በኢትዮጵያ ጋራዦች ይሰማል።

ጎማው ከውጭኛው ቀለበትም ሆነ ከውስጠኛው ቱቦ ጋር በሙቀትና በኬሚካል ኃይል ተጣብቆ የተሠራ ነው። ጎማ ሲነሳና ሲወርድ በቡሹ ውስጥ የሚንሸራተት ነገር የለም። ጎማው ራሱ እንደ ፎጣ ጥቂት ይጠመዘዝና ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለው ቡሽ ግሪስ አይፈልግም።

አንድ ቡሽ በአንድ ጊዜ ሦስት ኃላፊነቶችን ይሸከማል። ጎማው የተቀመጠበትን አቅጣጫ ሳያዛንፍ መያዝ፣ እግሩ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ፣ እንዲሁም የመንገዱን ንዝረት ወደ አካሉ ሳይደርስ ማስቀረት አለበት። የመጀመሪያው ጥንካሬን፣ ሁለቱ ደግሞ ልስላሴን ይጠይቃሉ። የምርጫው ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ በአንዱ የተገኘው ጥቅም በሌላው ላይ ይከፈልበታል።

የቡሽ ጥንካሬ "ሾር ኤ" በተባለ መለኪያ ይገለጻል። ፋብሪካዎች ለመንገድ መኪና የሚጠቀሙበት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። በምትክነት የሚሸጠው ፖሊዩሬታን ደግሞ ከ70 ተነስቶ እስከ 95 ይደርሳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቡሹ ለጫና የሚያሳየው መተጣጠፍ ይቀንሳል።

የ240ዜድ እግር እንዴት ተሠራ?

በጃፓን በ1969 መጨረሻ ፌርሌዲ ዜድ በሚል ስም ብቅ ያለው ይህ መኪና ለውጭ ገበያ የቀረበው ዳትሰን 240ዜድ ተብሎ ነው። ስሙን ያገኘው ከ2.4 ሊትር ሞተሩ ነው። አራቱም እግሮቹ ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ በዘመኑ በዚህ ዋጋ ከሚሸጡ መኪኖች ለየት የሚያደርገው አንዱ ባሕርይም ይህ ነበር።

በፊት በኩል ሞላና ሞርዛቶርን በአንድነት የያዘ ማክፈርሰን የተባለው ቋሚ ምሰሶ አለ። ከታች አንድ ነጠላ ክንድ፣ በጋራዥ አጠራር ብራቾ፣ ጎማውን ከመኪናው መሐል ጋር ያገናኘዋል። ይህ ክንድ ጎማው ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል እንጂ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይንቀሳቀስ ብቻውን ሊያግደው አይችልም። ለዚህ ሲባል ከክንዱ ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድና ከአካሉ ጋር የሚታሰር ደጋፊ ዘንግ ተጨምሮለታል። ዘንጉ በሚታሰርበት ቅንፍ ፊትና ኋላ ላይ ሁለት የጎማ ቡሾች ይቀመጣሉ።

በኋላ በኩልም ቋሚ ምሰሶ ያለ ሲሆን፣ ከታች ሰፊ ክንድ በሁለት ቡሾች ከአካሉ ጋር ተያይዟል። የክንዱ ውጫዊ ጫፍ ከምሰሶው ግርጌ ጋር የሚታሰረው በረጅም የብረት ፒን አማካይነት ነው። ዲፈረንሻሉን ከኋላ የሚይዘው ደግሞ በቅርጹ ምክንያት "የጢም ዘንግ" የሚል ስም የወጣለት ጠፍጣፋ ብረት ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፎቹ የራሱ ቡሾች አሉት። መሪውን የሚይዙትና መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል የሚያግዘውን ስታቢላይዘር የሚያስሩት ጎማዎችም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።

ማርጀቱ በምን ይታወቃል?

ያረጀ ቡሽ የሚሰጣቸው ምልክቶች በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው፦

- በትንንሽ ጉድጓዶች ላይ ሲኬድ ከፊት ወይም ከኋላ የሚሰማ ኳኳታ፤
- ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳቡ ወይም መሪው መንቀጥቀጡ፤
- ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን የሚንሸራተት መምሰሉ፤
- የጎማው አንድ ጠርዝ ከሌላው ፈጥኖ መበላቱ፤
- ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከኋላ "ዱብ" የሚል ድምፅ መሰማቱ።

እነዚህ ምልክቶች ግን የቡሽ ብቻ አይደሉም። የላላ የጎማ ኩሽኔታ፣ ያለቀ ቦል ጆይንት ወይም የመሪ ጫፍ ተመሳሳይ ስሜት ይፈጥራሉ። ከኋላ የሚሰማው ድምፅም ከጢም ዘንጉ ቡሽ ሊመጣ እንደሚችል ሁሉ ኃይል ወደ ጎማ ከሚያስተላልፈው ዘንግ መጋጠሚያም ሊመነጭ ይችላል። ምንጩ ሳይለይ ሙሉ የቡሽ ስብስብ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምርመራው የሚጀመረው መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፎ በዓይን በማየት ነው። በጎማው ገጽ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ብቻቸውን ቡሹ ማለቁን አያረጋግጡም። የውስጠኛው ቱቦ ከመሐል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ጎማው ከብረቱ ከተላቀቀ ወይም በዘይት ርሶ ካበጠ ግን ዕድሜው አብቅቷል። ረጅም ብረት በክንዱና በአካሉ መካከል አስገብቶ በዝግታ መግፋት የተደበቀውን መላቀቅ ያሳያል።

ከምን የተሠራ ይሻላል?

*ጎማ።* የመጀመሪያው ንድፍ የታሰበው በጎማ ነው። ጎማ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚተጣጠፍ የእግሩን ውስብስብ እንቅስቃሴ ያለ ግጭት ያስተናግዳል። ድምፅ አያሰማም፣ ጥገናም አይጠይቅም። የሚንሸራተት ገጽ ስለሌለውም አቧራ ገብቶ የሚፈጨው ነገር የለም። ይህ ቀይ አፈር በለበሱት የኬንያና የታንዛኒያ መንገዶች ላይ ትልቅ ጥቅም ነው። ጠላቶቹ የሞተር ዘይት፣ ሙቀት፣ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞንና ጊዜ ናቸው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ወይም መሪ ሳይጠገን አዲስ የጎማ ቡሽ መግጠም ዕድሜውን አስቀድሞ ማሳጠር ነው።

*ፖሊዩሬታን።* ከጎማ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ቁስ ነው። ዘይትን የተሻለ ይቋቋማል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ቁራጭ ስለሚመጣ ያለ ትልቅ መጭመቂያ በእጅ ሊገባ ይችላል። መሪው ፈጥኖ እንዲታዘዝም ያደርጋል። ሆኖም አብዛኛው ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ በውስጠኛው ቱቦ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ አምራቹ የሚያዘውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ያለበትን ግሪስ ይፈልጋል። ግሪሱ ሲያልቅ መጮህ ይጀምራል፤ አቧራ ሲገባበት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቱቦውን ይበላዋል። ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነው በእርጥበትና በሙቀት ሊሰነጣጠቅና ሊፈረፈር ይችላል። እንደ ሞምባሳና ጅቡቲ ባሉ ሞቃትና እርጥበታማ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የፖሊዩሬታን ቀለም ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ቀይ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ መሆኑ የጥንካሬ ዓለም አቀፍ ምልክት አይደለም። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቀለም ይሰጣል። ሊጠየቅ የሚገባው በሾር ኤ የተገለጸው ቁጥር ነው።

*ናይለን፣ አሴታልና ብረት።* እነዚህ ለውድድር መኪኖች የታሰቡ ናቸው። ናይለንና አሴታል የተባሉት ጠንካራ ፕላስቲኮች መተጣጠፍ ስለማያውቁ እግሩ ሁልጊዜ በታለመለት አቅጣጫ ይጸናል። በኳስ ቅርጽ የሚዞረው የብረት መጋጠሚያ ደግሞ ማዘንበልን ሳይከለክል ሌላውን እንቅስቃሴ ያግዳል። በተቃራኒው ከመንገዱ የሚመጣው ምት ሁሉ ሳይለዝብ ወደ አካሉ ይተላለፋል። የ1970ዎቹ ቀጭን ቆርቆሮ፣ በተለይም ዝገት የጎበኘው፣ ይህን ምት ለረጅም ጊዜ ላይችል ይችላል። የኳስ መጋጠሚያው መሸፈኛ ከሌለው በአቧራማ መንገድ በአጭር ጊዜ ይላላል።

አደጋው ያለበት ቦታ

በ240ዜድ ላይ በጥንቃቄ ሊታሰብበት የሚገባው ስፍራ የፊቱ ደጋፊ ዘንግ ነው። ጎማው ሲነሳና ሲወርድ ዘንጉ በቅንፉ ውስጥ ያለው አቅጣጫ ይለዋወጣል። የጎማ ቡሾች በአንድ ወገን ተጨምቀው በሌላው ተለጥጠው ይህን መዛነፍ ይቀበሉታል። በሁለቱም ወገን ጠንካራ ፖሊዩሬታን ሲገባ ግን ዘንጉ የሚዛነፍበት ቦታ ያጣል። እንቅስቃሴው ስለማይቀር ብረቱ ራሱ በየጉድጓዱ ጥቂት በጥቂት ይታጠፋል።

ሽቦን ደጋግሞ በማጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ ዘንጉም ጥርስ በወጣለት ጫፉ አካባቢ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስንጥቁ በቡሹና በማጠቢያው ብረት ስለሚሸፈን ከውጭ አይታይም። ዘንጉ የሚሰበረው ደግሞ ከፍተኛ ጫና በሚያርፍበት ቅጽበት፣ ማለትም ፍሬን በኃይል ሲያዝ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጎማውን ከኋላ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወደ አካሉ ይገፋል፤ መሪውም ከአሽከርካሪው ቁጥጥር ይወጣል። ከናይሮቢ ወደ ማይ ማሂዩ በሚወርደው የስምጥ ሸለቆ ቁልቁለት ወይም በኢትዮጵያ በዓባይ በረሃ መንገድ ይህ ቢደርስ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም።

የዚህን መኪና ጠባይ የሚያውቁ አዳሾች በስፋት የሚከተሉት መፍትሔ ቅይጥ ነው። ፍሬን ሲያዝ ዘንጉ ወደ ኋላ ስለሚገፋ ጫናውን የሚቀበለው ከቅንፉ ፊት ያለው ቡሽ ነው። በዚህ በኩል ፖሊዩሬታን፣ ከቅንፉ ኋላ ደግሞ ለስላሳ ጎማ ይገባል። መኪናው በፍሬን ጊዜ ይጸናል፣ ዘንጉም የሚዛነፍበት ቦታ አያጣም። ሁለቱንም በጎማ መተው ደግሞ የፋብሪካው ንድፍ በመሆኑ አስተማማኝ አማራጭ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መርሕ ለሌሎች ክላሲክ መኪኖችም ይሠራል። ክፍሉ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ የሚዞር ከሆነ ጠንከር ያለ ቡሽ ሊቀበል ይችላል። በበርካታ አቅጣጫ መዛነፍ ካለበት ግን ልስላሴ ያስፈልገዋል። የ240ዜድ የኋላ ክንድ ሁለት ውስጣዊ ቡሾች በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ፖሊዩሬታንን በተሻለ ይቀበላሉ። ስታቢላይዘሩና የመሪው ማሰሪያም እንዲሁ። የፊቱ ክንድ ግን ከደጋፊው ዘንግ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ጥቂት መዛነፍ አለበት፤ ስለዚህ ለመንገድ አገልግሎት ጎማ ይስማማዋል።

ለየትኛው አገልግሎት የትኛው?

*ለዐውደ ርዕይና ለከተማ።* ሁሉም ቦታ ጎማ። የመኪናውን የመጀመሪያ መልክና የአነዳድ ስሜት ይጠብቃል። ትክክለኛ ገጽታ በሚመዘንባቸው ውድድሮችም ከመስመር የወጣ ደማቅ ቀለም አይታይም።

*ለረጅም ጉዞና ለአቧራ መንገድ።* በክንዶቹ ሁሉ ጥራት ያለው ጎማ፣ በስታቢላይዘሩና በመሪው ማሰሪያ ፖሊዩሬታን፣ በደጋፊው ዘንግ ላይ ከላይ የተገለጸው ቅይጥ። በአካባቢው ለሚነዱ አብዛኞቹ ባለቤቶች ሚዛኑን የሚጠብቀው ይህ ነው።

*ለውድድር።* ፖሊዩሬታን፣ አሴታል ወይም የኳስ መጋጠሚያ። የኳስ መጋጠሚያ ሲመረጥ መሸፈኛው፣ የአካሉ ማጠናከሪያና ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ የሚደረገው ፍተሻ አብረው የሚገዙ ወጪዎች ናቸው። የውድድሩ ደንብ የሚፈቅደውን ቁስ አስቀድሞ ማጣራትም ያስፈልጋል።

ዕቃ ሲገዛ

በናይሮቢው ኪሪንያጋ መንገድ፣ በካምፓላው ኪሴካ ገበያም ሆነ በአዲስ አበባው ሱማሌ ተራ በብዛት የሚገኘው በየመንገዱ ለሚታዩት የቶዮታና የኒሳን መኪኖች የሚሆን ዕቃ ነው። ለ240ዜድ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከጃፓን፣ ከአሜሪካ ወይም ከብሪታኒያ በትእዛዝ ይመጣል። ትእዛዙ ተሳስቶ ቢመጣ መመለሻው ውድ በመሆኑ ከመክፈል በፊት የሚደረገው ማጣራት ብዙ ያድናል።

መጀመሪያ የሚጣራው የምርት ዘመኑ ነው። እስከ 1971 አጋማሽ በተሠሩት 240ዜዶች ላይ ዲፈረንሻሉ ወደፊት ቀረብ ያለ ነበር። በኋላ ወደ ኋላ ሲወሰድ የጢም ዘንጉ ቅርጽም አብሮ ተቀይሯል። ከ1974 ጀምሮ የመጡት 260ዜድና 280ዜድም ብዙ ክፍሎችን ቢጋሩም ሁሉም ቡሽ አንድ ነው ማለት አይደለም። አሮጌውን ቡሽ አውጥቶ የውጭና የውስጥ ስፋቱን እንዲሁም ርዝመቱን በካሊፐር መለካት ከስም ይልቅ ያስተማምናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጎማው ዕድሜ ነው። "በካርቶኑ ያለ፣ ያልተነካ የፋብሪካ ዕቃ" ተብሎ የሚሸጥ የ1970ዎቹ ቡሽ ለሰብሳቢ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ጎማ ግን በመጋዘን ውስጥም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ከብረቱ ጋር ያለው ትስስርም ይዳከማል። ለሚነዳ መኪና በቅርቡ የተመረተ ይመረጣል።

ሦስተኛው ጥራቱ ነው። በጥፍር ሲጫን ገባ ብሎ ቶሎ የሚመለስ ጎማ ሕያው ነው። እንደ ፕላስቲክ የሚደርቅ ወይም የጥፍር ምልክት ይዞ የሚቀር አጠራጣሪ ነው። በጎማውና በብረቱ መገናኛ ላይ ክፍተት፣ የተዛነፈ ቱቦ ወይም የተጣመመ ቀለበት ያለበት ዕቃ መመለስ አለበት። የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ቁጥርና የጥንካሬ መጠን የማይገኝበት ማሸጊያም ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ቆርጦ ቡሽ መሥራት በአካባቢው የሚታወቅ ልማድ ነው። እንዲህ ያለው ቡሽ መኪናውን ከገጠር ወደ ከተማ ለማድረስ ይረዳ ይሆናል። ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀና በውስጡ ክር ስላለበት ግን የፋብሪካውን ጠባይ አይተካም። በደጋፊው ዘንግና በክንዶቹ ላይ እንደ ቋሚ መፍትሔ ሊወሰድ አይገባም።

የኋላው ፒን ፈተና

ሥራውን ለጋራዥ የሚሰጥ ባለቤት ስለ ዋጋው ከመስማማቱ በፊት የኋላውን ረጅም ፒን ጉዳይ ማንሳት ይኖርበታል። ፒኑ ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ከምሰሶው ግርጌና ከቡሾቹ ቱቦ ጋር በዝገት ይጣበቃል። ከመሐሉ የሚይዘው ትንሽ መቆለፊያ ብሎን ሳይወጣ በመዶሻ መምታት የፒኑን ጥርስ ከማበላሸትና ጫፉን ከማስፋት ያለፈ ፋይዳ የለውም። የሰፋ ጫፍ ደግሞ በቀዳዳው ስለማያልፍ ሥራው ይባስ ይከብዳል።

የሚመከረው አካሄድ መጀመሪያ መቆለፊያውን ማውጣት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ለቀናት ደጋግሞ መርጨት፣ ቀጥሎም ለዚሁ በተዘጋጀ መሳቢያ ወይም በሃይድሮሊክ መጭመቂያ በዝግታ መግፋት ነው። አልወጣ ካለ ፒኑን ቆርጦ አዲስ መግጠም ምሰሶውን ያድናል። ስለዚህ ቡሽ ሲታዘዝ ሁለት አዲስ ፒኖችንና መቆለፊያዎቻቸውን አብሮ ማዘዝ መኪናው ለሳምንታት በክሪክ ላይ ከመቆም ይታደገዋል።

ሲገጠም ሊታለፉ የማይገባቸው ነጥቦች

- አሮጌውን ጎማ በእሳት ማቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ ቀለሙንና ብረቱንም ይጎዳል። በመጭመቂያ ወይም በመጋዝ ማውጣት ይሻላል።
- አንዳንድ የፖሊዩሬታን ስብስቦች የአሮጌውን ቡሽ የውጭ ቀለበት መልሰው ይጠቀማሉ፤ ሌሎች እንዲወጣ ይፈልጋሉ። መመሪያው ሳይነበብ ቀለበቱ መጣል የለበትም።
- አዲስ የጎማ ቡሽ ሲገባ የሳሙና ውኃ ማለስለሻ ይሆናል። ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ግሪስ ጎማውን ያሳብጠዋል።
- ሥራው በሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት። በግራ አዲስ፣ በቀኝ አሮጌ ቡሽ ያለበት መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንዱ ያዘነብላል።
- መኪናውን በክሪክ ብቻ አቁሞ ከሥሩ መግባት ክልክል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነጥብ ግን የብሎኖቹ አጠባበቅ ነው። መኪናው ተነሥቶ እግሮቹ በተንጠለጠሉበት ብሎኑ ከተጠበቀ የውስጠኛው ቱቦ በዚያ አቅጣጫ ይቆለፋል። መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ጎማው ገና ጉዞ ሳይጀመር ተጠምዝዞ ይቀራል። እንዲህ የተገጠመ ጥሩ ቡሽ በወራት ውስጥ ሊቀደድ ይችላል፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በዕቃው ላይ ይላከካል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኖቹን ለቀቅ አድርጎ ማስገባት፣ መኪናውን በጎማዎቹ ማሳረፍ፣ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሶ እግሮቹ እንዲረጉ ማድረግ፣ ከዚያም በፋብሪካው መጠን ማጥበቅ ነው። ጎማው ስለማይንሸራተት ይህ ደንብ በተለይ ለጎማ ቡሽ የግድ ነው።

ከተገጠመ በኋላ

አዲስ ቡሽ የጎማዎቹን አቅጣጫ ስለሚለውጥ የጎማ አሰላለፍ ልኬት መከተል አለበት። ይህ ካልተደረገ አዲስ ጎማዎች በአጭር ጊዜ በአንድ ወገን ይበላሉ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ በቁልፍ ይፈተሻሉ። ፖሊዩሬታን የተገጠመባቸው ቦታዎች፣ በተለይ ከአቧራ ጉዞ በኋላ፣ ጸድተው እንደ አምራቹ መመሪያ ግሪስ ይቀባሉ።

ቀደም ሲል በሁለቱም ወገን ጠንካራ ፖሊዩሬታን የተገጠመበት 240ዜድ የገዛ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጠብቀዋል። ቡሾቹን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም ደጋፊ ዘንጎች ወጥተው ጥርስ ያለው ጫፋቸው ከቆሻሻ ጸድቶ ለስንጥቅ መመርመር አለበት። በዓይን የማይታየውን ስንጥቅ ቀለም ሰጪ ፈሳሽ በመጠቀም ማውጣት የሚችሉ የብረት ሥራ ቤቶች አሉ። ጥርጣሬ ካለ ዘንጉን በአዲስ መተካት ይሻላል፤ የሁለት ዘንጎች ዋጋ በቁልቁለት ላይ ከሚደርስ አደጋ ጋር አይወዳደርም።